የወንድሜ ስድስት ጎራሽ

ሰው ልገድልበት ያሰብኩትን ሽጉጥ በገዛ እጄ የጠገንኩት ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ጎረቤቴ ሣሩን እያጨደ ሳለ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰው መጋረጃ ዘግቶ የሚሠራው ይመስላችሁ ይሆናል። እኔ ቁርሴን በልቼ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ወልውዬ፣ ነጭ ፎጣ አንጥፌ ነው የጀመርኩት። እንዲያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ነበር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰዓዳ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገብቼ፣ ከሚነርቫ ፓርክ አለፍ ብሎ ባለ አፓርታማ ተከራይቼ፣ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ እያሸግኩ እኖር ነበር። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፤ ውሸት አይደለም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ታናሽ ወንድሜ አህመድም ዲቪ ደረሰው። በአንድ ቤት ሁለት ዲቪ! የሰፈራችን ሰው «እጃችሁን የታጠባችሁበትን ውሃ ስጡን» እያለ ይቀልድ ነበር።

አህመድ ከልጅነቱ ጀምሮ የካውቦይ ፊልም ያሳበደው ልጅ ነው። ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ቢባል ይቀላል። አሜሪካ ሲገባ የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ የሄደው ልብስ ሊገዛ አልነበረም፤ ጣሊያኖች በድሮው የካውቦይ ሽጉጥ አምሳል አዲስ አድርገው የሚሠሩትን ባለ እንጨት እጀታ ስድስት ጎራሽ ገዛ። በየተኩሱ መምቻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ ያለበት ዓይነት ነው፤ ካልሳቡት ቃታው ቢጎተትም አይተኩስም። በኦፍ ቀኑ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ሄዶ ጣሳ ሲደበድብ ይውልና ባርኔጣውን እንዳደረገ ቤቴ ይመጣል። «ደግሞ ፈረሱን የት ፓርክ አደረግከው?» እለው ነበር። በኋላ የውስጡ ዋና ሞላ ተሰበረ። መምቻው ሕይወት አጥቶ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር። «አሠራዋለሁ» እያለ በጫማ ካርቶን አድርጎ አስቀመጠው፤ ሳያሠራው ሞተ።

አሟሟቱን ደግሞ አሳጥሬ ነው የምነግራችሁ፤ ባስረዘምኩት ቁጥር ስለሚያንገበግበኝ። ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረው። አብሮ አደጉ ነው፤ እዚህም በአንድ ዌርሃውስ አብረው ይሠሩ ነበር፤ እኔ ቤት በልቶ ጠጥቶ፣ «እህቴ» ብሎኝ የሚሄድ ልጅ ነበር። በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ፣ በረዶ በጣለበት ቀን፣ ከድር የአህመድን መኪና እየነዳ ከሥራ ሲመለሱ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተሙ። ከድር ምንም ሳይሆን ወጣ። አህመድ ውስጥ ቀረ። ከድር መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ስለነበር ሮጠ። አምቡላንስ አልጠራም። ፖሊስ ሲይዘው ደግሞ «መኪናውን የነዳው አህመድ ነው፤ እኔ አልነበርኩም» አለ። ሟቹን ወነጀለው። ከነዳጅ ማደያ የተገኘ የካሜራ ምስል ሲያጋልጠው ቃሉን ለወጠና «አህመድ ወዲያው ነው የሞተው፤ ደንግጬ ሮጥኩ» አለ። ፍርድ ቤቱ በኮቪድ ተጓትቶ ተጓትቶ፣ ጥቂት ወራት ታስሮ ተፈታ። ጥቂት ወራት!

እኔ ግን ከቤተሰባችን ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር አውቅ ነበር። አህመድን መኪናው ውስጥ ያገኘችውና አምቡላንስ የጠራችው አንዲት መንገደኛ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ሌላ ዘመድ ገና ሳይደርስ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ ነገረችኝ። ስትደርስ አህመድ በሕይወት ነበር። ይናገር ነበር። ብርድ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ «ጓደኛዬ የት ሄደ?» እያለ ይጠይቃት ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ቀደም ብሎ ቢደርስ ኖሮ ይተርፍ እንደነበር በደንብ አድርጎ ነገረኝ። ይህንን ደሴ ላሉት አባቴም ለአጎቴም አልነገርኩም። ከነገርኩ አልቅሰው ይወጣላቸዋል ብዬ ፈራሁ። የእኔ እንዲወጣልኝ አልፈለግኩም፤ ከድር እስኪፈታ ድረስ እንደ እሳት ከድኜ አቆየሁት።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ አጎቴ ጋሼ ሰይድ ኮል አደረጉልኝ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ናቸው፤ ከእኛ ብዙ ቀድመው መጥተው ከኮሎምበስ ዳር ያለችው ደብሊን ትልቅ ቤት ገዝተው ይኖራሉ።

«ሰዓዳ፣ እሁድ ኦፍ ነሽ አይደል?»

«ኦፍ ነኝ።»

«እንግዲያው ቤቴ ትመጫለሽ። ሼህ ይማም ይመጣሉ። የከድርም ሰዎች ይመጣሉ። ደሙን እናደርቀዋለን።»

ወሎ ውስጥ ሰው ከሞተ፣ በቂምም ይሁን በስህተት፣ የሟችና የገዳይ ወገን በአባጋር ይታረቃሉ። አባጋር ማለት ከአባት ወደ ልጅ በሚወርድ ክብር ደም የሚያደርቅ ሽማግሌ ነው። ሼህ ይማም አባታቸው አባጋር ነበሩ። እሳቸው እዚህ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ቫን ይነዳሉ፤ ግን በእኛ ሰው መሐል ቃላቸው መሬት አይወድቅም።

«አባባስ?» አልኩ።

«አባትሽ ፈቅደዋል። ‹እዚያው ጨርሱት› ነው ያሉት።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

«አንቺ ሴት ልጅ ነሽ፣ ሰዓዳ። እንዲህ ያለው የወንድ ጉዳይ ነው። በአባትሽ ቦታ እኔ ብረቱን ተሻግሬ እምላለሁ። አንቺ ከፋጡማ ጋር ሆነሽ ምግቡን ታያላችሁ።»

ምግቡን! የወንድሜ ደም ሳሎን ሲደርቅ እኔ ማድ ቤት ሩዝ ላበስል! «እሺ ጋሼ» ብዬ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በትሕትና «እሺ» ብዬ አላውቅም። ከዚያ ቁምሣጥኑን ከፍቼ የጫማውን ካርቶን አወረድኩ።

ዓርብ ከሥራ ስወጣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ አሮጌ መሣሪያ የሚጠግን አንድ ሱቅ ሄድኩ። ባለቤቱ ነጭ ፂም ያለው፣ ማስኩን አገጩ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው። ሽጉጡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀ።

«ቆንጆ ኮፒ ነው። ሞላው ነው የሄደው። ተይልኝና እሠራዋለሁ፤ ግን ወረፋው ብዙ ነው። የሚቀጥለው ወር።»

«ለእሁድ ነው የምፈልገው። ሞላውን ሽጥልኝና እኔ እገጥመዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ሻርፕ የጠመጠምኩ፣ የዌርሃውስ ባጅ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩ ሴት ነኝ። «የማነው?» አለኝ።

«የወንድሜ ነው። ላስደስተው ፈልጌ ነው።»

ይኼ ደግሞ ውሸት አልነበረም። ሁለት ጠፍጣፋ ሞላዎች አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ሳሳ ያለ ነው። «ይሄኛው ለጨዋታ የሚወዱት ነው፤ መምቻውን ስትስቢው አይከብድሽም። ችግሩ አንዳንዴ ሲመታ ይለግምና ጥይቱ ሳይፈነዳ ይቀራል። ያኛው ጠንካራው ነው፤ ጣት ያደክማል።»

«የማይለግመውን ስጠኝ» አልኩ።

ሰውየው ደግ ነበር። ብሎኖቹን በልካቸው የሚይዝ ካቻቢቴ ጨምሮ ሸጠልኝ፤ ካቻቢቴው ካልገጠመ የብሎኑ አናት ይበላሻል አለ። ስወጣ መልሶ ጠራኝ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄ ዓይነት ሽጉጥ መምቻው አንዴ ወደ ኋላ ከተሳበ ያለ ቃታ አይመለስም። ሐሳብሽን ብትቀይሪ እንኳ ቃታውን መሳብ አለብሽ፤ መምቻውን በአውራ ጣት ጠበቅ አድርገሽ ይዘሽ፣ ቀስ እያልሽ ታወርጂዋለሽ። ካመለጠሽ ይተኩሳል።»

ሐሳቤን እንደማልቀይር ስለማውቅ በቁም ነገር አልሰማሁትም።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ደርሰናል። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አየሁ። ቀጥሎ ከመምቻው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ብሎኖች፣ ከዚያ ከእጀታው ሥር ያለውን ፈታሁ። የኋላው ብረት ሲነሳ የእንጨቱ እጀታ አብሮት ሸርተት ብሎ ወጣ። ውስጡ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከእጀታው ግርጌ በአንድ ብሎን የተያዘች፣ አናቷ የተሰበረች የብረት ምላስ ብቻ ናት ያለችው። እሷን ፈትቼ ጣልኳት። አዲሱን ሞላ ግርጌው ላይ በብሎን ያዝኩት፤ ብሎኑን ሙሉ በሙሉ ሳላጠብቅ የላይኛውን ጫፍ ከመምቻው ሥር ያለችው ትንሽ የምትሽከረከር ብረት ስር ማስገባት ነበረብኝ። እሷ ናት መከራዬን ያበላችኝ። ሞላው ጠንካራ ነው፤ ስገፋው መልሶ ይገፋኛል፤ ሁለቴ ተስፈንጥሮ ወጥቶ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ። ደሜ ፎጣው ላይ ጠብ ጠብ አለ። አልተበሳጨሁም። «ግድ የለም፤ ነገ ትከፍለኛለህ» አልኩ ለከድር፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ይመስል።

ሦስተኛው ላይ ገባ። ብሎኑን አጠበቅኩ፣ እንጨቱን መለስኩ፣ ሁሉንም ገጠምኩ። በአውራ ጣቴ መምቻውን ሳብኩት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ሄዶ ቆመ። ያንን ጥንካሬ በጣቴ ሳውቀው በቀሉ እውነት የሆነ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ ሐሳብ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በእጄ የያዝኩት ነገር ሆነ። ቃታውን ስስበው ጓ! ብሎ መታ። ከዚያም እንደገና ስቤ፣ ሽማግሌው እንዳለኝ በቀስታ ላወርደው ሞከርኩ፤ ጣቴ በዘይት ሙልጭልጭ ብሎ አመለጠኝና አሁንም ጓ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ። ያመለጠኝ ካላመለጠኝ ይበልጣል። ምን ቸገረኝ ብዬ ተውኩት። አህመድ ካስቀመጠው ፓኬት ጥይቶቹን አውጥቼ አጎረስኩት።

አንድ ነገር ግን ለራሴ ወስኜ ነበር። ዝም ብዬ አልተኩስም፤ መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። «ጥለኸው ስትሄድ አህመድ ሞቶ ነበር?» እለዋለሁ። ከድር የለመደውን ይመልሳል፤ «ወዲያው ነው የሞተው» ይላል። ያቺን ውሸት ከአፉ እንደሰማሁ፣ እዚያው ቃሉን ሳይጨርስ፣ እተኩሳለሁ። እንደሚዋሽ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። ለፖሊስ የዋሸ፣ ለዳኛ የዋሸ፣ ለሽማግሌ እውነት ሊናገር ነው?

እሁድ ከቀትር በኋላ ደብሊን ደረስኩ። የአጎቴ ግቢ በመኪና ተሞልቷል። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ማድ ቤት ገባሁ። የአጎቴ ሚስት እትዬ ፋጡማ ወጡን እያማሰሉ ነበር። «ቦርሳሽን አስቀምጪ እንጂ» አሉኝ። «ይቅርብኝ፣ ስልኬ አለበት» አልኩና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ። አይኔ የሚያነባው በሽንኩርቱ ነበር። የዚያን ቀን የማለቅስበት ቦታ አልነበረኝም።

ከማድ ቤቱ በር ሳሎኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሶፋዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል። ሼህ ይማም ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ሰማያዊ ማስካቸውን ለብሰው መሐል ተቀምጠዋል። ኮቪድ ነውና ሰላምታው ሁሉ በደረት ላይ በተጫነ እጅ ነበር። ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ «ግቡ» አሉ ሼህ ይማም፤ የጋራዡ በር ተከፈተ።

ሁለት የከድር ዘመዶች ከፊት፣ ከድር ከኋላ ገቡ። ከድር ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ መሬት መሬት እያየ ነው። አገር ቤት ገዳይ ምሕረት ሲጠይቅ እንደዚያ ነው የሚገባው። ድንጋዩ ከአጎቴ የአበባ መደብ ዳር የተነሳ፣ ከሱቅ የተገዛ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ዘመዶቹ «ስለ አላህ! ስለ ነቢ! ማሩን!» እያሉ ተንበረከኩ። ከድር ከስቷል። ደስ አለኝ። ድንጋዩ አንገቱን ሲጫነው አይቼ «ይክበድህ» አልኩ በሆዴ።

ሼህ ይማም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ «ብረቱ ይምጣ» አሉ።

ይህም ሥርዓት ነው። ደም ሲደርቅ ጠመንጃ መሬት ላይ ይጋደማል። የሁለቱም ወገን ሰው በላዩ ይሻገራል፤ «ከዛሬ በኋላ ይህን ደም ብቀሰቅስ ይህ ይብላኝ» ብሎ ይምላል። ከዚያ በኋላ ምሎ የሚያፈርስ ሰው ወሎ ውስጥ ሰው አይባልም።

አጎቴ ከደረጃው ሥር አንድ ነገር ይዘው መጡና ምንጣፉ ላይ አጋደሙት። የልጆቻቸው መጫወቻ ጠመንጃ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ አፈሙዙ ብርቱካናማ፣ የስፖንጅ ጥይት የሚተፋ።

ሼህ ይማም ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄ ምንድን ነው፣ ሰይድ?»

«ሼህ፣ እዚህ ሰፈር እውነተኛ መሣሪያ ይዞ መገኘት… ጎረቤት ቢያይ፣ ፖሊስ ቢጠራ… ዋናው ኒያው፣ ሐሳቡ ነው ብዬ ነው» አሉ አጎቴ፤ በማስካቸው ውስጥ እየተንተባተቡ።

ሳቄ መጣ። የእውነት ሳቅ። የወንድሜን ደም በስፖንጅ ጠመንጃ! ሳሎን ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ። ሳቄ ሳያልቅ እርር ድብን ያለው ነገር ከአንጀቴ ተነሳ። ቢላዋውን አስቀመጥኩ፣ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ሳሎን ገባሁ።

«ሼህ ይማም» አልኩ፤ «ብረት እኔ ጋ አለ።»

ሽጉጡን ሳወጣ ማንም ገና አልገባውም። መምቻውን ስስበው ነው፣ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ነው፣ ቤቱን ጸጥ ያሰኘው። እትዬ ፋጡማ ከኋላዬ «ያ አላህ!» አሉ። አጎቴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉና መሐል ላይ ቆሙ። አፈሙዙን ከድር ላይ አነጣጥሬ ነበር፤ ድንጋዩ ሥር የሚታየው አናቱ ላይ።

«ሰዓዳ» አሉ ሼህ ይማም፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«አንድ ጥያቄ ልጠይቀው ነው።»

«ጠይቂው።»

«ከድር! ቀና በል።»

ድንጋዩን ሳያወርድ አንገቱን ብቻ ቀና አደረገ። አየኝ። የወንድሜን ሽጉጥ አወቀው፤ ከአህመድ ጋር ስንቴ ጣሳ ደብድቦበታል።

«ጥለኸው ስትሄድ አህመድ ሞቶ ነበር?»

እንግዲህ ያቺን ሰዓት እንዴት ብዬ እንደማስረዳችሁ አላውቅም። ጣቴ ቃታው ላይ ነው። አፉን አያለሁ፤ ከንፈሩ «ወዲያው» ለማለት ሲከፈት። ና፣ ዋሽ፣ አንዴ ብቻ ዋሽልኝ እያልኩ ነው። የአዲሱ ሞላ ኃይል እስከ ክርኔ ድረስ ይሰማኛል።

«አልሞተም ነበር» አለ ከድር።

ተንበርክከው የነበሩት ዘመዶቹ ዞረው አዩት።

«እጄን ይዞኝ ነበር» አለ። «‹ከድሮ አትሂድ፣ በርዶኛል› አለኝ። ‹እርዳታ ልጥራ› አልኩት። ልጠራ አልነበረም። እጄን ከእጁ አስለቅቄ ሄድኩ። ሲጠራኝ ይሰማኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማሩኝ አላለም፤ አላለቀሰም። ድንጋዩን እንደተሸከመ አንገቱን መልሶ ደፋ።

የተሳሳተብኝ ነገር ምን እንደሆነ ለማሰብ ስሞክር ቤቱ በሌላ በኩል ፈነዳ። አጎቴ ጋሼ ሰይድ፣ እርቁን የደገሱት ሰውዬ፣ ማስካቸውን ከፊታቸው ቀድደው ወደ ከድር ተንደረደሩ።

«አንተ ውሻ! ‹ወዲያው ሞተ› አላልከኝም? በቁርኣን አልማልክልኝም? ወንድሜን አሳምኜ፣ ‹ሲሞት አልተሠቃየም› ብዬ በስልክ አስታርቄ! ስጪኝ ያንን ሽጉጥ፣ ሰዓዳ፣ ስጪኝ!»

ሼህ ይማም ተነስተው በሁለት እጃቸው አቀፏቸው። የከድር ዘመዶች ራሳቸው አፍረው ከእሱ ፈቀቅ አሉ። አጎቴ በሼሁ እቅፍ ውስጥ እየታገሉ «እርቅ የለም! ይውጣ! እርቅ የለም!» ይላሉ። ሲያለቅሱ ያኔ ነው ያየኋቸው፤ በቀብሩ እንኳ አላለቀሱም ነበር።

እኔ ያንን ሁሉ ቀድሜ አውቅ ነበር። ለዓመት ከምናምን ብቻዬን ተሸክሜው ነበር። እነሱ በዚያች ደቂቃ የሆኑትን እኔ ማታ ማታ ትራስ ነክሼ ሆኜዋለሁ። እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አህመድ «በርዶኛል» ማለቱን፣ እጁን መያዙን። ያንን ሊነግረኝ የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አፈሙዝ እያየ ነገረኝ። ጠላሁት። ከመቼውም በላይ ጠላሁት። ግን ያዘጋጀሁት ምክንያት ከእጄ ወጣ፤ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ አልዋሸም።

«ጋሼ፣ ተዉ» አልኩ። «እኔ እሻገራለሁ።»

አጎቴ መታገል አቆሙ። ሼህ ይማም «መጀመሪያ አውርጂው፣ ልጄ» አሉኝ፤ በአይናቸው ወደ ሽጉጡ እያመለከቱ።

እንግዲህ በቁም ነገር ያልሰማሁት ነገር መጣ። ለማውረድ ቃታውን መሳብ ነበረብኝ። አፈሙዙን ሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ወዳለው የእሳት ምድጃ ድንጋይ አዞርኩ። «ሁላችሁም ወደ ኋላዬ ዙሩ» አልኩ፤ ዞሩ። ከድር እዚያው እንዳጎነበሰ ቀረ። እጄ በላብ ረጥቧል። ሽንኩርት የነካ ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩ። መምቻውን በአውራ ጣቴ ጨምድጄ ያዝኩና ቃታውን ሳብኩ። ሞላው በሙሉ ኃይሉ ጣቴ ላይ ወደቀ። ትናንት የወጋኝ ቁስል ተከፈተ። ለመተኮስ ምንም ጉልበት አያስፈልገኝም ነበር፤ ላለመተኮስ ግን ጥርሴን ነክሼ፣ በጭራሽ የማያልቅ በሚመስል ዝግታ አወረድኩት። ሲያርፍ ድምፅ አላሰማም። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አራግፌ ለሼህ ይማም በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ሽጉጡን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። የስፖንጁን ጠመንጃ በእግሬ ገፋሁት።

«ሴት ተሻግራ አላየሁም» አሉ አንደኛው የከድር ዘመድ፤ ቀስ ብለው።

«እኔም አላየሁም» አሉ ሼህ ይማም። «አባቴም ያዩ አይመስለኝም። ግን ደሙ የማን እንደሆነ አሁን ሁላችንም አይተናል። ትሻገር።»

ከድር ድንጋዩን አወረደ። ቀድሞ ተሻገረ፤ ማለ። እኔ ቀርቤ ሽጉጡ አጠገብ ቆምኩ።

«ይቅር በይው፣ ሰዓዳ» አሉ ሼህ ይማም።

«አልልም።»

አጎቴ ቀና አሉ። ሼህ ይማም ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አትበይ። ልብ የአላህ ነው፤ እኛ ልብ አንጠይቅም። እግርሽን ብቻ ነው የምንጠይቅሽ።»

«ከዛሬ በኋላ የአህመድን ደም ከዚህ ሰው ላይ ብፈልግ ይህ ይብላኝ» አልኩና ተሻገርኩ። ማዶ ስደርስ ሼሁ እጄን ያዙኝ። ምግቡን ማንም አልበላውም። እትዬ ፋጡማ ለሁሉም በሳህን ቋጥረው ላኩላቸው፤ ለከድር ሳይቀር። ሽጉጡን አጎቴ በማግስቱ ወስደው ለፖሊስ አስረከቡ፤ እኔም አልተቃወምኩም።

አሁን ይህን የምታነቡ «እንዲህ ነው እንጂ! ይቅርታ ያሸንፋል» ልትሉ እንደምትችሉ አውቃለሁ። እባካችሁ አትበሉኝ። እኔ አላሸነፍኩም፤ ይቅርም አላልኩም። ያን ቀን ሰው አለመግደሌን እንኳ ደግነት ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ከድር ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ ከእስር ቤት ነው፤ በውሸቱ እርግጠኛ ሆኜ ነበር የሄድኩት። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ጥላቻዬ ሥራ ነበረው፤ ያጠራቅማል፣ ያቅዳል፣ ሞላ ይገዛል። አሁን ሥራ የለውም፤ ዝም ብሎ አብሮኝ ይኖራል። ከአጎቴ ጋር ስለ አህመድ እናወራለን፤ «በርዶኛል» ያለውንም እያነሳን አብረን እናለቅሳለን። ቂም የያዘ ሰው ካላችሁ፣ ብቻዬን የምሸከመው እውነት አለ የምትሉ ካላችሁ፣ ለአንድ ሰው ንገሩት። እኔ ባለመናገሬ ልገድልበት ምንም አልቀረኝም ነበር።

በእኛ ወግ ደም ከደረቀ ገዳይ የሟች ቤት ዘመድ ይሆናል፤ በበዓል ይጠይቃል፣ በሐዘን ይቆማል። ከድር በየኢዱ ይደውልልኛል። «እህቴ፣ ኢድ ሙባረክ» ይላል። መልስ አልሰጠውም። እሱም ይህን ያውቃል፤ ስለ ሥራው ትንሽ ያወራል፣ እናቱ እንደታመመች ይነግረኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ዝም እላለሁ። እስካሁን አንድም ቀን ቀድሜው ዘግቼበት አላውቅም።